ከታንከሩ ጀርባ ያለው ሊሾ

ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ ጫማውን እንኳ አይፈልግም። በባዶ እግሩ ወደ መስኮቱ ይሄድና መጋረጃውን በአንድ ጣቱ ገለጥ አድርጎ አትክልቱን ያያል። ዛሬም አየ። ትናንት አመሻሽ ላይ በመዳፉ ያስተካከለው የካሮት መደብ መሀል ለመሀል ተቆፍሯል። አፈሩ ወደ ጎን ተበትኗል፤ ገና ጸጉር የሚያክሉት ቡቃያዎች ሥራቸውን ወደ ሰማይ አንጋጠው ተጋድመዋል። መቼም ድመት የተጸዳዳችውን አፈር አልብሳ ነው የምትሄደው። እነዚህ የሰፈር ድመቶች ግን ማልበሱንም ትተውታል።

«ይኸው ደግሞ ንቀቱ» አለ ለብቻው።

ሰፈሩ ይህን ሰው ጋሽ ሲሚንቶ ነው የሚለው። ዕድሜ ልኩን ግንበኛ ነበር። ጡረታ ወጥቶም እጁ አርፎ መቀመጥ ስላልቻለ፣ የሚገነባው ቤት ሲያጣ ወደ ራሱ ግቢ ዞረ። መጀመሪያ ከውጪው በር እስከ ቤቱ ደጃፍ ያለውን መተላለፊያ በሲሚንቶ ሊሾ አደረገው፤ ጭቃው አስቸግሯል፣ እሺ ይሁን። ቀጥሎ የልብስ ማስጫውን ሥር፤ ውኃ ያቁራል አለ። ከዚያ በኋላ ምክንያት መስጠቱንም ተወው። ባለቤቱ ገበያ ደርሳ ስትመለስ አንድ ቦታ አፈሩ ጠፍቶ፣ እንደ መስታወት ለስልሶ ይጠብቃታል። «እንዴት ነው? አያምርም?» ይላታል እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ስጦታ የሰጣት ነው የሚመስለው። ብቻ ከሥራ በፊት ሰው መጠየቅ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ግቢው አለቀና የእሷ አትክልት ብቻ ቀረ። ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ካሮት፣ ሰላጣና ቀይ ሥር፣ ዳር ዳሩን ጽጌረዳ። ትንሽ ናት፤ ሁለት የቤት በር ጎን ለጎን ቢያነጥፉባት ትሸፈናለች። ልጃቸው የወለደች ጊዜ ባለቤቱ አራስ ልትጠብቅ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ፣ እሱን አትክልቱ ዳር ሜትር ዘርግቶ አገኘችው። ምን እንደሚለካ አልጠየቀችውም። ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች።

«ስማኝ» አለችው። «ከዚህች መሬት ስንዝር ብትነካ፣ እኔ እዚያው ልጄ ጋ ቀረሁ ማለት ነው። ነይ ብለህ ሰው እንዳትልክብኝ።»

ስትቆጣ ጎረቤት የሚሰማት ሴት ናት። ይህን ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው፤ እሱን የከበደውም ያ ነው። «አልነካም» ብሎ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

ቃሉን ጠብቋል፤ በዚህ አይታማም። አትክልቷን አልነካም። ግን ዕቃ ቤቱ ውስጥ የተረፈ ሲሚንቶ ነበረ። ሲሚንቶ ደግሞ ሲቆይ ይጋገራል። ግንበኛ የሆነ ሰው ሲሚንቶ ሲጋገር እያየ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ምንም የማይበቅልባት አንዲት ጥግ ነበረች፤ ልቅም ያለ አሸዋ ብቻ። ነፋስ ለግንባታ ደጅ ከከመረው አሸዋ ላይ ያመጣው ነው ብሎ አለፈው። እዚያው ግድግዳው ላይ፣ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ስንት ዓመት የፈለገውን ደቃቅ ወንፊቱን አገኘ። ከክምሩ አሸዋ ሲጎድልበትና ይህ ወንፊት ሲጠፋበት፣ ሰፈር ውስጥ ሌባ ነህ ብሎ ያልጠረጠረው ሰው አልነበረም። አቧራውን እፍ ብሎ መልሶ ሰቀለውና በደስታ ሥራ ጀመረ።

ያቺ ጥግ የእጁ ሥራ ሁሉ ቁንጮ ሆነች። ውኃ ወደ ቦዩ እንዲወርድ ትንሽ ዘመም አደረጋት፣ ጠርዟን አለዘበው፣ ላይዋን በግንበኛ ማንኪያው ጀርባ ደጋግሞ አሻት። በወፍራም ጣውላ መቀመጫ ሠራላት። ባለቤቱ ስትመጣ እዚያ ቁጭ ብላ ጽጌረዳዋን ታያለች። ጥጉ አትክልት ስላልሆነ ከቃሉ ውጪ ነው። በገዛ ብልጠቱ ለብቻው ፈገግ አለ።

ድመቶቹ አትክልቱ ላይ የዘመቱት ሊሾው በደረቀ ሰሞን ነው።

ሰፈሩ ድመት ሞልቶታል። ገሚሱ ባለቤት የለውም፤ ገሚሱ አጥር የምትጋራው የሲስተር ነው። ሲስተር ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት፤ የሚያነክስ ፍጥረት አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ከሁሉ የከፋው አንድ ጆሮው የተቀደደ ግራጫ ወንድ ነው። አጥሩ ላይ ሲንጎራደድ ሠራዊት የሚጎበኝ ስለሚመስል ጋሽ ሲሚንቶ ሻለቃ ብሎታል። ከኋላው የምትከተለውን ነጭዋን ደግሞ ሙሽሪት። ስም ያወጣላቸው ለመራገም እንዲመቸው ነው።

ያልሞከረው የለም። የሎሚ ልጣጭ በተነ፤ ሙሽሪት አሽትታው አልፋ ሄደች። የደቀቀ በርበሬ ነሰነሰ፤ ነፋሱ ዞረና እሱኑ አገኘው፣ ግማሽ ቀን ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ሲያጥብ ዋለ። እሾህ ቆርጦ አነጠፈ፤ ድመቶቹ እግራቸውን እያነሱ እየጣሉ በመካከሉ ተረማመዱበት፣ አውራ ጣቱን የተወጋው እሱ ነው። የውኃ ጎማ ይዞ ወንበር ላይ ዋለ። ዋለ ይባል እንጂ መቼ ተቀመጠና፤ ቅጠል ኮሽ ሲል ብድግ፣ ወፍ ስታርፍ ብድግ፣ የጎረቤት በር ሲንኳኳ ብድግ። ሻለቃ አጥሩ ላይ ተጋድሞ ይህን ሁሉ ሲያይ ውሎ፣ ሰውየው ሽንት ቤት ደርሶ እስኪመለስ ወርዶ ጉዳዩን ፈጽሞ ወጣ። በመጨረሻ ግንበኛነቱ መጣበትና ፌሮ በሽቦ አስሮ ፍርግርግ ሠራ፣ መደቡ ላይ አጋደመው። ድመቶቹን አላገዳቸውም። ሰላጣውን ግን ጨፈለቀው።

ቤት ሲገባም ዕረፍት የለውም። ሬዲዮ ይከፍታል፣ ይዘጋል። እግሩ ከኩሽና ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር ይወስደዋል። የባሰው ደግሞ ስልኩ ነው። ባለቤቱ ስትደውል መጀመሪያ ስለ ጤናው፣ ቀጥሎ ምግብ በልቶ እንደሆነ፣ በመጨረሻ ሁልጊዜ «አትክልቴስ?» ትለዋለች።

«ለምለም ነው። ዓይን ያፈዝዛል።»

«ካሮቱ ወጣ?»

«ወጥቶ ነው! ችምችም ብሏል።»

«እሰይ» ትላለች። እመጣለሁ ግን አትልም። ዛሬ ነገ ስትል ሕፃኑ አንገቱን አጸና፣ ሰው እያየ መሳቅ ጀመረ፣ እሷ አሁንም እዚያው ናት።

በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ላይ ልጁ ራሷ ደወለች፤ ድምፅዋን ቀንሳ።

«አባዬ፣ ቅዳሜ እማዬን ይዣት እመጣለሁ።»

«ተመስገን። ጠቅልላ ልትመጣ ነው?»

«እንጃ አባዬ። እዚህ ክፍል አዘጋጅተንላታል፣ ለምዳዋለች። አትክልቴን አይቼ እወስናለሁ ነው የምትለው። ባዶ ሻንጣ አዘጋጅታለች፣ ከሆነ የቀረ ልብሷን ልትወስድበት።» ቀጥላ፣ «ምንም አልነካህም አይደል?» አለችው።

«ምን እነካለሁ?» አለ። አፉን ሞልቶ ነው ያለው፤ እውነት መስሎታል።

ስልኩን ሲዘጋ ግን ፈራ። ፎቅ ጫፍ ላይ በአንድ ጣውላ ቆሞ ሲሠራ ያልፈራ ሰው ፈራ። ያን ዕለት ማታ ከምድጃው ሥር «ጨው የት ነው ያስቀመጥሽው?» ብሎ ጮኸ። መልስ ሲያጣ ነው ማንም አለመኖሩ ትዝ ያለው። እራቱን ያለ ጨው በላ። ለሁለት ያረጁበት ቤት ውስጥ ለብቻው ማርጀት ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ታየው።

ሐሙስ ጠዋት ሌላ መደብ ተቆፍሮ ሲያገኝ ቆረጠ። ባዶ ጠርሙስ ሰበሰበ፣ ጆንያ ውስጥ ከቶ በመዶሻ አደቀቀ፣ ጥቂት ሲሚንቶ አቦካ፣ መሰላል አጥሩ ላይ አስደገፈ። ስባሪውን አጥሩ አናት ላይ ሊተክለው ነው። በወዲያ በኩል ሲስተር ልብስ ታሰጣ ነበር።

«ደህና አደሩ ጋሼ። ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ለሻለቃ ምንጣፍ ላነጥፍለት።»

«ጠርሙስ?»

«አዎ፣ ጠርሙስ።»

«እግራቸውን ይቆራርጣቸዋል እኮ። መልሼ የምሰፋው ደግሞ እኔው ነኝ።»

«ሲስተር፣ አንቺ ድመት ትሰፊያለሽ፣ እኔን ማን ይሰፋኛል? ቅዳሜ ሰው ይመጣብኛል። ነይና አትክልቱን እዪው።»

ሲስተር የማጠቢያ ሳፋዋን ገልብጣ ላዩ ላይ ቆመች። በአጥሩ አናት አሻግራ የተቆፈረውን መደብ፣ እሾሁን፣ ፍርግርጉን አየች። ከንፈሯን መጠጠች።

«ይገርማል» አለች። «እትዬ እዚህ ሳሉ ወደዚያ ዝር ብለው አያውቁም ነበር።»

«ታባርራቸው ነበራ።»

«ኧረ እሳቸው መቼ አባረው ያውቃሉ? ቦታ ነበራቸዋ።»

«የምን ቦታ?»

«ከታንከሩ ጀርባ። አያውቁም እንዴ?» ሲስተር የምር ገርሟት አየችው። «እትዬ አሸዋ እየነፉ ያነጥፉላቸው ነበር እኮ። ጠዋት እርስዎ ሳይነሱ በአካፋ ጠርገው ያወጡታል፣ ሲያንስ ይጨምሩበታል። ድመት ደረቅ፣ ልስልስ ያለ አሸዋ ካገኘ እርጥብ አፈር ውስጥ ምን ሊያደርግ ይገባል? እኔም ከእሳቸው ነው ያየሁት።»

ማንኪያው ላይ ያለው ሲሚንቶ ጠብ ብሎ ጫማው ላይ ወደቀ።

«አሸዋውን ከየት ነው የምታመጣው?»

ሲስተር ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ከእርስዎ ክምር ነዋ።»

መሰላሉ ላይ እንደቆመ ነገሩ አንድ በአንድ መጣለት። የጎደለው አሸዋ፣ የጠፋው ወንፊት። የሲስተርን ወንድም ሳይቀር የጠረጠረበት ሌባ፣ አብራው ስትበላ ስትተኛ የኖረችው ናት።

«ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር?»

«ያውቃሉ ብዬ ነዋ ጋሼ። የገዛ ቤትዎ አይደል?»

ከመሰላሉ ወረደ። ያቦካውን ሲሚንቶ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲሁ ደፋው፤ ጠርሙሱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተው። ታንከሩን ዞሮ ሊሾው ፊት ቆመ። ያምራል። ምን ያደርጋል፣ ያምራል።

ሰው መቼም የገዛ ሥራውን ለማዳን የማይፈልገው ዘዴ የለም። ወንፊቱን አውርዶ አሸዋ ነፋና ሊሾው ላይ ወፈር አድርጎ አነጠፈው። ከታንከሩ ጎን ተሸጉጦ ጠበቀ። ሻለቃ መጣ፤ አሸተተ፤ ልቡ የተመለሰ ይመስል ነበር። ሁለቴ ጫር ጫር ሲያደርግ ጥፍሩ ሲሚንቶ ነካ። ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ነበር። ድመቱ ቀና ብሎ ሰውየውን አየውና ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ካሮቱ ሄደ። ማምሻውን ዝናብ ጣለ። ዓርብ ጠዋት አሸዋው የለም። ያ የኮራበት ዘመም ውኃውን ከነአሸዋው ጠራርጎ ቦዩ ውስጥ አስገብቶታል።

ሌላም ሐሳብ መጣለት፣ አንደብቅለትም። የሲስተር ድመቶች ናቸው አትክልትሽን የጨረሱት ሊላት አሰበ። ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ መስታወት ፊት ተለማመደው፤ «ምን ላድርግ፣ ቀን ከሌት ስጠብቅ ነበር።» ይህ ደግሞ ሐሰት አልነበረም። ዓርብን ሙሉ ከቤት ወደ ጥጉ፣ ከጥጉ ወደ ቤት ሲመላለስ ዋለ። ወንበር ይስባል፣ አይቀመጥም። ሻይ ያፈላል፣ አይጠጣም። አመሻሽ ላይ ወንፊቱን ወደ ምስማሩ ሊመልስ ሲያነሳው ጣቱ ሻካራ ነገር ነካ። መረቡ አንድ ቦታ ተቀዶ በክር ተሰፍቷል። ድርብ ክር ነው፣ ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ። የሱሪውን ቂጥ፣ የትራሱን ጠርዝ፣ የካልሲውን ጣት የሰፋችበት እጅ ነው።

ስንት ጠዋት ነፍታበት ነው ሽቦ የሚቀደደው? ይህን ሁሉ ጊዜ እሱ ሲተኛ ተነስታ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ከባሏ ተደብቃ አሸዋ ስትነፋ ኖራለች። ለምን እንደደበቀችው አልጠፋውም። ብትነግረው ኖሮ በማግስቱ ሊሾ ያደርገው ነበር። «እንዴት ነው? አያምርም?» ይላት ነበር። አፈረ። ወንፊቱን ይዞ ጣውላው ላይ ተቀመጠ፤ በዚያ ሳምንት በቅጡ የተቀመጠው ያኔ ነው።

ቅዳሜ ማልዶ ትልቁን መዶሻና መሮውን አወጣ። መቀመጫውን ነቅሎ ወደ ጎን ጣለው። የመጀመሪያው ምት ነጭ ነጥብ ብቻ ተወለት። ሁለተኛውም። ለሌላ ሰው ቤት ሲሚንቶ ሲመጥን የኖረ ሰው፣ ለእሷ ብሎ ሳይሰስት ነበር የጨመረው። አሁን ያ ልግስና መልሶ ክንዱን ያርደው ጀመር። ፀሐይ አጥሩን ስታልፍ ገና ከዳር አንድ ክንድ ያህል ነበር የፈነቀለው። ላቡ በጀርባው ይወርዳል፣ የእጁ ቆዳ ተልጧል። ማቆም ግን አልቻለም። ሳትደርስ መጨረስ ይፈልጋል፤ ደግሞ ሳይጨርስ ብትደርስስ፣ ምን ብሎ ያያታል?

ሳይጨርስ ደረሰች።

መኪና ሲቆም ሰማ፤ ሞተሩ አልጠፋም። የውጪው በር ተከፈተ። እግሯን ያውቀዋል። ሊሾ በሊሾ በሆነው መተላለፊያ መጣ፣ መጣ፣ አትክልቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። እሱም መዶሻውን አየር ላይ እንደያዘ ቆመ።  ከዚያ እግሯ ወደ ታንከሩ ዞረ።

ጥጉ ላይ ስትደርስ የተገለበጠውን መቀመጫ፣ የተፈነቀለውን ስባሪ፣ ከሥሩ ብቅ ያለውን የራሷን አሸዋ አየች።

«ደፍነኸው ነበር» አለች።

«ደፍኜው ነበር።»

«አትክልቱን ለምለም ነው አልከኝ።»

«ዋሸሁሽ።» መዶሻውን አወረደ። «ካሮትሽ የለም። ሰላጣውንም ራሴ ነኝ የጨፈለቅኩት። አትክልቱን አልነካሁም ብዬ ቃሌን የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር። ይቺን ጥግ ከቁም ነገር አልቆጠርኳትም። አልጠየቅኩሽም።»

 ከውጪ የልጃቸው ድምፅ መጣ፤ «እማዬ፣ ሻንጣውን ላምጣው?» ይላል። እሷ ግን እጁን እያየች ነበር።

«ደምቷል።»

«ጠንክሮብኝ ነው። ሲሚንቶውን አብዝቼው።»

ልትስቅ ነበር፤ ከንፈሯን ነክሳ ተወችው። እሱ መሮውን አንስቶ ስባሪው ጠርዝ ላይ አቆመው። ከዚያ ግን ሳይመታ ወደ እሷ ቀና አለ።

«እስከ የት ድረስ ላፍርሰው?»

ይህን ዓይነት ጥያቄ በዚያ ግቢ ውስጥ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እሷም ሰምታው አታውቅም። ጎንበስ ብላ አሸዋውን ነካ አደረገችው፣ በጣቶቿ መካከል አፈሰሰችው። ከዚያ ተነስታ ሊሾው ላይ ተራመደችና በጫማዋ ጫፍ አንድ ቦታ ነካች።

«እስከዚህ።» አሰበች። ወደ ኋላ ተመልሳ፣ ጥጉን አልፋ፣ ከዓመታት በፊት የደፈነው የልብስ ማስጫ ሥር ድረስ ሄደችና እግሯን ረገጥ አደረገች። «አይ፣ እስከዚህ።»

እሱ ርቀቱን በዓይኑ ለካ። የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።

«እሺ» አለ።

«እማዬ!» አለች ልጃቸው ከውጪ። «ሻንጣውን ላምጣው ወይስ?»

«ተዪው» ብላ ጮኸች፣ ጎረቤት በሚሰማው በዚያ በድሮው ድምፅዋ። «ሞተሩን አጥፊና ልጁን ይዘሽው ግቢ!» ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች። ዙሪያውን ተመለከተች።

«ወንፊቴስ?»

ስንት ዓመት ወንፊቴ ወንፊቴ እያለ ከሰው የተጣላበት ነው። በአገጩ ወደ ግድግዳው አመለከታት።

«ወንፊትሽ ምስማሩ ላይ ነው» አላት፣ መዶሻውን እያነሳ።